የሁለት ከተሞች ርቀትና የበረራ ሰዓት አቆጣጠር፤ ከአዲስ አበባ እስከ ጓንግዡ



ነጋዴ ገንዘቡን ቆጥሮ እንደሚሰጥና ቆጥሮ እንደሚቀበል ሁሉ ጊዜውንም መቁጠር ይገባዋል። የጎደለ ገንዘብ በሌላ ቀን ትርፍ ይተካ ይሆናል፤ ያመለጠ አውሮፕላንና ያለፈ የውል ቀን ግን ተመልሶ አይገኝም። ስለዚህ በዛሬው ትምህርታችን ሁለት የተራራቁ ከተሞችን፣ ይኸውም አዲስ አበባንና የቻይናዋን ጓንግዡን ወስደን፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ምን ያህል እንደ ሆነ፣ በረራው ስንት ሰዓት እንደሚፈጅና በጉዞ ወረቀት ላይ የተጻፈው ሰዓት እንዴት እንደሚነበብ በየተራው እንመለከታለን።

ጓንግዡን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀድሞ ካንቶን ትባል የነበረችው ይህች የደቡብ ቻይና ከተማ ከ1957 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ታላቅ የንግድ ትርኢት የሚደረግባት ስለ ሆነች፣ ከውጭ ዕቃ የሚያስመጡ ብዙዎች ነጋዴዎቻችን መንገዷን ያውቁታል። ትርኢቱ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በእኛ አቆጣጠር በሚያዝያና በጥቅምት ወር ይደረጋል። እያንዳንዱም በሦስት ክፍል ተከፍሎ አንዱ ክፍል 5 ቀን ብቻ ይቆያል። መኪናና ሞተር ነክ ዕቃ የሚፈልግ ነጋዴ በመጀመሪያው 5 ቀን ካልደረሰ፣ በሁለተኛው ክፍል የሚያገኘው የቤት ዕቃና ጌጣጌጥ ነው።

ወደ ትምህርቱ ከመግባቴ በፊት ግን በእኔ በራሴ እጅ የደረሰውን ስሕተት ልናገር፤ ሌላው ሰው ይማርበት ዘንድ ነውና።

እኔ የአንድ አስመጪ ነጋዴ ጸሐፊ ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥቅምት ወር አሠሪዬ የመስኖ ውሃ መሳቢያ ሞተር ለመግዛት ወደ ጓንግዡ ሊሄዱ ተነሡ። የትርኢቱ የመጀመሪያ ክፍል ሐሙስ ይዘጋል፤ እርሳቸውም ረቡዕንና ሐሙስን በዚያ ውለው ከፋብሪካው ወኪል ጋር ሊፈራረሙ ቀጠሮ ይዘዋል። የጉዞ ወረቀቱን የገዛሁት እኔ ነበርኩ። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው የመነሻ ሰዓት «ማክሰኞ 00:15» ይላል። እኔም ይህን ወደ እኛ ሰዓት መልሼ፣ «ጋሼ፣ በረራዎ ማክሰኞ ሌሊት 6 ሰዓት ከ15 ነው» ብዬ ነገርኳቸው።

አሠሪዬ ሰኞ ማታ በሰላም ተኙ። ማክሰኞ ሥራቸውን ሲሠሩ ዋሉና ማታ ሻንጣቸውን አስጭነው ቦሌ ደረሱ። በዚያም አውሮፕላኑ ትናንት ሌሊት መሄዱን ሰሙ። የዚያ ሌሊት በረራ ሞልቶ ስለ ነበር ቦታ ያገኙት በሚቀጥለው ሌሊት ነው፤ ጓንግዡ የደረሱትም ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ አዳራሹ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ሆነ። ወኪሉ እስከ ትርኢቱ መዝጊያ ብቻ የሚጸናውን ዋጋ ለሌላ ገዢ ሰጥቶ ኖሮ፣ አሠሪዬ ያንኑ ሞተር በበለጠ ዋጋ ገዙ፤ ዕቃውም የገባው የበጋው መስኖ ከተጀመረ በኋላ ነው። ሲመለሱ አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ ሰዓቱን አንብበሃል፤ ቀኑን ግን አላነበብከውም» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ነገር በደብተር እየጻፍኩ አጥንቼዋለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ርቀቱ

በግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካርታ የሁለት ከተሞችን ርቀት በማስመሪያ መለካት ያሳስታል። ምድር ድቡልቡል ስትሆን ካርታው ዝርግ ስለ ሆነ፣ በወረቀት ላይ ቀጥ ያለው መሥመር በምድር ላይ አጭሩ መንገድ አይደለም። ትክክለኛውን ለማወቅ የሚሻ ሰው የትምህርት ቤት ሉል ይፈልግ። የክሩን አንድ ጫፍ በአዲስ አበባ፣ ሌላውን ጫፍ በጓንግዡ ላይ ይዞ ክሩን ወጥሮ ይሳበው፤ የተወጠረው ክር የሚያርፍበት አጭሩ መንገድ ነው። ቀጥሎም ያንኑ ክር በምድር ወገብ ላይ ቢያስተያየው ከዙሪያው አንድ አምስተኛ ያህል ሆኖ ያገኘዋል። የምድር ወገብ ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለ ሆነ አንድ አምስተኛው 8,000 ኪሎ ሜትር ነው። በአዲስ አበባና በጓንግዡ መካከል ያለው ርቀትም ይኸው ነው።

ክሩ የሚያልፍባቸውን አገሮች መመልከትም ይጠቅማል። ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ የዓረብን ባሕር ያቋርጣል፤ መንገዱ የሚጋመሰው ቀድሞ ቦምባይ ትባል ከነበረችው ከሙምባይ አጠገብ ነው፤ ከዚያም በህንድና በምያንማር ሰማይ አልፎ ደቡብ ቻይና ይገባል። አውሮፕላኑ ግን ክሩን ጠብቆ አይሄድም፤ ስለ አየሩ ጠባይና መንግሥታት ስለሚፈቅዱት የአየር መንገድ ሲል አንዳንድ ጊዜ ይጠመዝዛል። ስለዚህ የክሩ ርቀት ከሁሉ የሚያንሰው ርቀት መሆኑን ማስታወስ ነው።

ሁለተኛ፤ በአየር ላይ ስለሚያልፈው ጊዜ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ሲያደርግ የተጠቀመበት ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄድ ነበር። በዚያ ፍጥነት ጓንግዡ ለመድረስ ከ26 ሰዓት በላይ መብረር፣ ነዳጅ ለመሙላትም ከሦስት ጊዜ ያላነሰ ማረፍ ያስፈልግ ነበር። አየር መንገዱ በ1962 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የመጀመሪያዎቹን የጄት አውሮፕላኖች ከተቀበለ ወዲህ ግን ሒሳቡ ተለውጧል። የዛሬው ጄት በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። 8,000ውን ለ900 ብናካፍል 9 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። በሜዳ ላይ የሚንከባለልበትን፣ ወደ ላይ የሚወጣበትንና ለማረፍ የሚወርድበትን ጊዜ ስንጨምርበት 10 ሰዓት ገደማ ይሆናል።

ይህ የመሄጃው ሒሳብ ነው። መመለሻው ከዚህ ይረዝማል፤ ምክንያቱም ነፋስ ነው። አውሮፕላን ከሚበርበት ከ10,000 ሜትር በላይ ባለው ከፍታ፣ በተለይ ከምድር ወገብ ራቅ ባለው ሰማይ፣ ኀይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። ለምሳሌ የነፋሱ ፍጥነት በአማካይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ወደ ምሥራቅ የሚሄደው አውሮፕላን ነፋሱ ከኋላው እየገፋው በሰዓት 960 ኪሎ ሜትር ይሄድና 8,000ውን ኪሎ ሜትር በ8 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይጨርሳል። ሲመለስ ነፋሱ ፊት ለፊት ስለሚገጥመው ፍጥነቱ ወደ 840 ዝቅ ይልና 9 ሰዓት ከ31 ደቂቃ ይፈጅበታል። በአንድ መንገድ፣ በአንድ ዐይነት አውሮፕላን የ1 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ልዩነት ሆነ ማለት ነው። ነፋሱም እንደ ወራቱ ይበረታል፤ ይደክማልም።

ሌላው ምክንያት የቦሌ ከፍታ ነው። አውሮፕላን ማረፊያችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ቦታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ የሞተሩም ጉልበት፣ ክንፉም አውሮፕላኑን የሚያነሣበት ኀይል ይቀንሳል። ስለዚህ በጣም ሩቅ ለሆነ ጉዞ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሣት ያስቸግራል። ለዚህ ግልጥ የሆነው ምሳሌ የዋሽንግተን መንገድ ነው። ርቀቱ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ የሚነሣው በረራ ለብዙ ዓመታት በመንገድ ላይ ነዳጅ ለመሙላት እያረፈ ሲሄድ፣ ከዋሽንግተን የሚነሣው ግን ሳያርፍ በቀጥታ ይመጣ ነበር። መንገዱ አንድ ነው፤ የመነሻው ከፍታ ግን አንድ አይደለም። ዕቃ በአየር የሚልክ ላኪም ይህን ይወቅ። ነዳጁ ሲበዛ ጭነቱ ይቀነሳልና፣ ለሩቅ አገር የሚሄድ ዕቃው ለሚቀጥለው በረራ ሊተርፍ ይችላል።

ሦስተኛ፤ የጉዞ ወረቀቱን ስለ ማንበብ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ላይ ነው። በጉዞ ወረቀት ላይ የሚጻፈው የመነሻ ሰዓት የመነሻው ከተማ ሰዓት ነው፤ የመድረሻው ሰዓት ደግሞ የመድረሻው ከተማ ሰዓት ነው። የጓንግዡ ሰዓት ከአዲስ አበባ በ5 ሰዓት ይቀድማል። ቻይና ሰፊ አገር ብትሆንም በአገሩ ሁሉ የሚሠራው አንድ ሰዓት ነው፤ እነርሱም እኛም በክረምትና በበጋ ሰዓት የምንለዋውጥ ስላይደለን ይህ የ5 ሰዓት ልዩነት ዓመቱን ሙሉ አይለወጥም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ 00:15 ይነሣና ጓንግዡ 15:15 ይደርሳል ተብሎ ቢጻፍ፣ ያልተማረ ሰው ጉዞው 15 ሰዓት ይመስለዋል። ሲመለስም ከጓንግዡ 00:10 ተነሥቶ አዲስ አበባ 06:00 ይደርሳል የሚል ቢያገኝ፣ ከ6 ሰዓት ባነሰ ጊዜ የሚደርስ መስሎት ይደነቃል። ሁለቱም ስሕተት ነው። ወደ ምሥራቅ ስንሄድ ልዩነቱን እንቀንሳለን፤ 15 ሲቀነስ 5፣ 10 ሰዓት ይሆናል። ወደ ምዕራብ ስንመለስ ልዩነቱን እንጨምራለን፤ 5 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ሲደመር 5፣ 10 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይሆናል። ከላይ የተናገርነው የነፋስ ነገርም በዚህ ይታያል።

አሁን ወደ እኔ ስሕተት እንመለስ። የፈረንጅ ቀን የሚጀምረው በእኩለ ሌሊት ነው። እኛ ግን ቀንን የምንጀምረው ከንጋት ነው፤ ሌሊቱንም ከዋለው ቀን ጋር እንቆጥረዋለን። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ «ማክሰኞ 00:15» የተባለው፣ በእኛ አነጋገር ሰኞ ማታ ራት በልተን የምናመሸው ሌሊት ነው። አባቶቻችን ለዚህ ነገር «ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ» የሚል ትክክለኛ አነጋገር አላቸው። ያን ዕለት «ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ሌሊት 6 ሰዓት ከ15» ብዬ ብጽፍ ኖሮ አሠሪዬ ሰኞ ማታ ቦሌ በተገኙ ነበር። ፈረንጆቹ አልተሳሳቱም፤ አሠሪዬም አልተሳሳቱም፤ የተሳሳተው ሰዓቱን ተርጕሞ ቀኑን ሳይተረጕም የተወው ጸሐፊ ነው።

እንግዲህ ደንቡ ይህ ነው። በጉዞ ወረቀት ላይ ከ00:00 እስከ 05:59 ያለ ሰዓት ሲገኝ፣ የተጻፈውን ቀን ከፊቱ ካለው ቀን ጋር አጣምሮ «ለእገሌ ቀን አጥቢያ» ብሎ መጻፍ ነው። ከቤት የሚወጡበትን ቀንና ሰዓትም ለብቻው መጻፍ ይበጃል። ከመነሻው 3 ሰዓት አስቀድሞ መገኘት የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ማክሰኞ 00:15 ለሚነሣ በረራ ቦሌ የሚደረሰው ሰኞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ15 ነው።

አራተኛ፤ በሁለቱ ከተሞች ስለሚገናኙት የሥራ ሰዓቶች

ርቀት የሚያስቸግረው መንገደኛውን ብቻ አይደለም፤ በመደብሩ ተቀምጦ የሚጻጻፈውንም ነው። በጓንግዡ ሥራ ሲጀመር፣ በእነርሱ ከጠዋቱ 9:00፣ በእኛ ገና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። እነርሱ በ17:00 ቢሮ ሲዘጉ በእኛ ቀኑ 6 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ ቢሮውን ጠዋት በ2 ሰዓት ተኩል የሚከፍት ነጋዴ ከጓንግዡ ጋር የሚነጋገርበት ጊዜ 3 ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ዓርብ ከምሳ በኋላ የተላከ ጥያቄ የሚነበበው ብዙ ጊዜ ሰኞ ነው። እኔ በበኩሌ የቻይናን ደብዳቤ ከሁሉ አስቀድሜ በጠዋቱ እጨርሳለሁ፤ የአገር ውስጡን ሥራ ከሰዓት በኋላ አደርገዋለሁ።

ይህ ነገር በባንክ ሰነድ ላይ ከሁሉ ይበልጥ ይከብዳል። በኤልሲ ለሚገዛ ዕቃ ሰነዱ የሚቀርበው በጓንግዡ ባለ ባንክ ከሆነ፣ የመጨረሻው ቀን የሚያበቃው በዚያ አገር የባንክ መዝጊያ ሰዓት ነው። ለእኛ «ዛሬ ገና ግማሽ ቀን አለ» በሚያሰኘን ሰዓት፣ በዚያ ቀኑ አልቋል። የውሉ ቀን እንዲራዘም የሚሻ አስመጪ ጥያቄውን ለባንኩ የሚያቀርበው ቀኖች አስቀድሞ እንጂ በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ አይደለም።

አምስተኛ፤ ስለ ዕቃው መንገድ

መንገደኛው በ10 ሰዓት የደረሰበትን መንገድ ዕቃው እንደዚያ አይጓዘውም። ከጓንግዡ በማላካ ወሽመጥ በኩል እስከ ጅቡቲ ያለው የባሕር መንገድ 10,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልብ በሉ፤ የባሕሩ መንገድ ከአየሩ የሚበልጠው በ2,000 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ልዩነቱ ያለው በፍጥነቱ ላይ ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መርከብ 10,000ውን ኪሎ ሜትር ለመጨረስ 333 ሰዓት፣ ይኸውም 14 ቀን ያህል ያስፈልገዋል። ይህም ሳያቋርጥ ቢሄድ ነው። በየወደቡ የሚቆምበት፣ ዕቃው ከመርከብ ወደ መርከብ የሚዛወርበትና በወደብ ተራ የሚጠብቅበት ጊዜ ሲጨመር ቀኑ በእጅጉ ይረዝማል። ከጅቡቲ በኋላ ደግሞ በ2018 (እ.ኤ.አ.) መደበኛ አገልግሎት በጀመረው 750 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆነው ባቡር ወይም በከባድ መኪና የሚደረገው ጉዞ፣ ከዚያም የጉምሩኩ ሥርዓት አለ።

በባሕር ላይ ያለው ሰላምም በሒሳቡ ይገባል። ከ2023 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ በንግድ መርከቦች ላይ ጥቃት ሲደርስ፣ ብዙ የመርከብ ኩባንያዎች መንገዳቸውን ለውጠው በአፍሪካ ደቡብ ጫፍ ዞረዋል፤ ቀን ቈጥረው ቃል የሰጡ ነጋዴዎችም ተቸግረዋል። ስለዚህ አስመጪ ለደንበኛው ቃል ሲሰጥ ዕቃውን በመረጠበት ቀን ላይ የራሱን የበረራ ሰዓት ሳይሆን የመርከቡን ሳምንታት ይጨምር፤ በዚያም ላይ ለማይታወቅ እክል ጥቂት ቀን ይተው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው ለዕቃ ብቻ ሳይሆን ለቃልም ነው።

የትምህርቱ ማጠቃለያ

1. ርቀትን በዝርግ ካርታ ሳይሆን በሉልና በክር ለካ።
2. የበረራውን ሰዓት ለማወቅ ወደ ምሥራቅ ሲሆን የሰዓቱን ልዩነት ቀንስ፤ ወደ ምዕራብ ሲሆን ጨምር።
3. ከእኩለ ሌሊት በኋላ ለሚነሣ በረራ ሁለቱንም ቀን ጻፍ፤ «ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ» በል።
4. ከጓንግዡ ጋር ያለህን ጉዳይ ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ጨርስ።
5. ለደንበኛ ቃል ስትሰጥ የመርከቡን ጊዜ ቍጠር።

ለመለማመጃ

አንድ አውሮፕላን በበጋቸው ወራት፣ አዲስ አበባ ከዋሽንግተን በ7 ሰዓት በምትቀድምበት ጊዜ፣ ከዋሽንግተን እሑድ 11:00 ይነሣና አዲስ አበባ ሰኞ 07:00 ይደርሳል። በረራው ስንት ሰዓት ፈጀ? በእኛስ አቆጣጠር መቼ ደረሰ?

መልስ፤ ከእሑድ 11:00 እስከ ሰኞ 07:00 ያለው 20 ሰዓት ነው። ጉዞው ወደ ምሥራቅ ስለ ሆነ 7 ይቀነሳል፤ በረራው 13 ሰዓት ፈጀ። የደረሰውም ሰኞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ለመቀበል የሚሄድ ሰው ሰኞ ከሰዓት በኋላ 7 ሰዓት ላይ ቢገኝ እንግዳውን አያገኘውም።

በየመደብሩ ያላችሁ ጸሐፊዎች ሆይ፤ ይህን የመሰለውን ሒሳብ አሠሪዎቻችሁ በእናንተ ላይ ጥለው ይተኛሉ። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ማንበብ የሚፈጀው አምስት ደቂቃ ነው። እኔ ያን አምስት ደቂቃ ባለመስጠቴ የአንድ ወር ድካም ሲባክን አይቻለሁና፣ እናንተ እንዳታዩት ይህን ጽፌላችኋለሁ።